የሊና በግ

አያ ጥጋቡ አንዲት በግ እየጎተቱ ሲመጡ እኛ ቦርሳ መኪና ላይ እየጫንን ነበር። ከጀርመን ለትምህርት ጉዞ የመጡት ተማሪዎች አምባ ጊዮርጊስ ሰንብተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው፤ እኔ አስተርጓሚያቸው ነኝ። አያ ጥጋቡ ቤታቸው ያስተናገዷትን ሊናን ጠሩና ገመዱን እጇ ላይ አኖሩት። "ያንቺ ናት" አሏት። ሊና ደንግጣ "አመሰግናለሁ፣ ግን አውሮፕላን ላይ አያስገቧትም፤ ይመልሷት" አለች። እንዳለ ተረጎምኩት። ፊታቸው ጠቆረ። "ምነው፣ አነሰች?" አሉኝ፣ እሷን ትተው እኔን። ይኼኔ አስተርጓሚነቴን ትቼ ሽማግሌ ሆንኩ። "ኧረ አያ፣ በርቢ ይያዙልኝ ማለቷ ነው። እርስዎ ያረቧታል፣ የምትወልደውን እኩል ትካፈላላችሁ።" ፊታቸው ፈካ። "እንዲያ ከሆነማ ሸጋ፤ ባልንጀሮች ሆንን" ብለው ገመዱን ተቀበሏት። ለሊና በምን እንዳስማማኋት የነገርኳት ጎንደር ልንገባ ስንል ነው። "እኔ በግ ምን ያደርግልኛል?" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

በቀደም አያ ጥጋቡ ደወሉልኝ። "መንታ ወለደች፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር። ለባልንጀራዬ ንገርልኝ።" ወዲያው ጻፍኩላት። እንኳን ደስ አለን እንኳ አላለችም፤ "የእኔ የትኛው ነው?" ብላ መለሰችልኝ።