የአቶ ዮሺሃሩ ናዋቴ የመጨረሻ ባትሪ

የአያቴን የአቶ ዮሺሃሩ ናዋቴን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ ከወረቀት ሳይሆን፣ እሳቸው በመጨረሻ ከጠገኑት ከዚህ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው። ጠዋት ባትሪውን ሞልተን ገመዱን ነቅለነዋል፤ እንዲህ እንዲሆን ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው።

አቶ ዮሺሃሩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በዓመቱ፣ ቢላ በመሳል ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸው ከአቶ ጊሱኬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታሜ በሳካይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሞያቸውን ሊያወርሷቸው ቢመኙም፣ እሳቸው ከቢላው ይልቅ የጎረቤት ሬዲዮ መፍታት ስለ መረጡ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ ኦሳካ፣ ኒፖንባሺ ሰፈር በሚገኝ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ተቀጠሩ።

ገና ለማጅ ሳሉ ሽቦ በጋለ መበየጃ በቀጥታ ባትሪ ላይ ሲያጣብቁ ባትሪው ፈንድቶ ሁለቱንም ቅንድባቸውን ላጫቸው። ከሱቁ አጠገብ ባለ የመዋቢያ ሱቅ ይሠሩ የነበሩት ወይዘሪት ፉሚኤም «ና ቁጭ በል! እንዲህ ሆነህ ደንበኛ ፊት ከቆምክ ሱቁ ይዘጋል» ብለው እየሳቁ ኩል ቀብተው ቅንድብ ሠሩላቸው። አቶ ዮሺሃሩ ግን ቅንድባቸው ከበቀለ በኋላም ሊኳሉ መመላለሳቸውን ስላልተዉ፣ ሁለቱ ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ።

ላፕቶፕ ገበያ ላይ ሲውል የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ፋብሪካዎቹ ለአሮጌዎቹ ባትሪ መሥራት ባቆሙ ጊዜም፣ የተጣበቀውን የባትሪ ክዳን በአባታቸው ስስ ቢላ ሳይሰብሩ እየከፈቱ፣ በውስጡ ኃይል የሚይዙትን የሞቱ ሴሎች በአዲስ እየተኩ፣ ባትሪው ያፈሰሰው ፈሳሽ ያመጣውን ዝገት በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ እያጸዱ፣ ሌላው «ጣሉት» ያለውን ሁሉ አስነሡ። ወይዘሮ ፉሚኤ «ዛሬም ኮምጣጤዬን ኮምፒውተር ጠጣብኝ!» እያሉ መጮኻቸው ግን አልቀረም። አቶ ዮሺሃሩ ያለቀለትን ባትሪ ሲያስቀምጡ ጎንበስ ብለው «ብዙ ደክመህልናል፤ አሁን እረፍ» ይሉት ነበር።

በብርዱ ወራት የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ፣ ወይዘሮ ፉሚኤ መብራት ይዘውላቸው፣ የዚህን ላፕቶፕ ባትሪ ጠገኑ፤ ምን ያህል እንደሚቆይ ለመሞከር ግን አልታደሉም። ሊጠይቋቸው የመጡት የሱቅ ጎረቤታቸው አቶ ኩሮይዋ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ባትሪ እንኳን ለታሪክህ ለስምህም አይበቃም!» ሲሏቸው፣ «በስንብቴ ቀን ታሪኬን ከዚሁ ላይ ያንብቡት፤ እስከ መጨረሻው ከበራ ቅንድብህን ትላጫለህ!» አሏቸው፤ አቶ ኩሮይዋም በአያቴ ልጆች ፊት ማሉ። አስከሬን ማቃጠያ ቤቱ ባትሪ እንዲገባ እንደማይፈቅድ ስለሚያውቁም፣ አያቴ «ባትሪውን ሳጥኔ ውስጥ እንዳትጨምሩብኝ፤ አንዴ ማፈንዳት ይበቃኛል» ብለውናል።

ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ ወይዘሮ ፉሚኤ እጃቸውን እንደ ያዙ፣ በሰላም ዐረፉ።

አቶ ዮሺሃሩ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፉሚኤን፣ ልጆቻቸውን ሳናኤንና ኢጺሮን፣ እኔን የልጅ ልጃቸውን ኮቶኔን፣ እንዲሁም አሁን ግንባራቸውን በሁለት እጃቸው የሸፈኑትን አቶ ኩሮይዋን ትተው ሄደዋል።

አቶ ኩሮይዋ፣ ላፕቶፑ እንደ በራ ነው። ምላጩ ተዘጋጅቷል፤ ወይዘሮ ፉሚኤም ኩላቸውን ይዘው መጥተዋል።

አያቴ፣ ነፍስዎ በቡድሃ ንጹሕ ምድር በሰላም ትኑር። ብዙ ደክመውልናል፤ አሁን ይረፉ።