ያለ ተራው የተቀመጠው ድንጋይ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ፣ በምንኖርበት ሕንፃ ደረጃ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጎረቤቴ ሠላሳ ዓመት በፕሮቶኮል ሹምነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን በማን ቀኝ እንደሚቀመጥ ሲወስኑ ስለኖሩ፣ ዛሬም ከባለቤታቸው በቀር ሁሉን አንቱ ይላሉ፤ የጥበቃውን ውሻ ጭምር። የሕንፃው ነዋሪ በሙሉ «ክቡርነትዎ» እያለ ይጠራቸዋል። ቅጽል ስም መሆኑን እስካሁን የተረዱት አይመስለኝም።

ያን ዕለት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ አንድ የካርቶን ሳጥን ታቅፈዋል። ሳጥኑ ደረጃ በወረዱ ቁጥር ይንኳኳል።

«እንደምን ዋሉ መምህር? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለቤቴ የምትመላለስበትን የብር ሥራ ቤት ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አልኩ። እንዴት እንዳወቅሁት አልጠየቁኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ይህን ዝምታዬን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ ያፈርኩበት እሱ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሥራ ቤቱ ለባለቤታቸው ያዋሰው፣ እሳቸው ሊመልሱት የያዙት መሣሪያ ነበር፦ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ምላጭ ያለው መጋዝ። ባለቤታቸው አርባ ዓመት በአዋላጅነት ሠርተው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ለትርፍ ጊዜያቸው ቀለበትና የጆሮ ጌጥ መሥራት መማር ከጀመሩ ሁለት ወር አልሞላም። የትምህርት ቤቱ ደንብ ግልጽ ነው፤ መሣሪያውን የመለሰ ወንበሩን ለቀቀ ማለት ነው። ወንበሩ ስምንት፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ አሥር ነው። እናም በዚያ ሳጥን ውስጥ የሚንኳኳው የሴትዮዋ ወንበር ነበር።

«እሳቸው ያውቃሉ?» አልኩ፣ አብሬያቸው ወደ ውጭ እየወጣሁ።

«ቅዳሜ ከእህቷ ቤት ስትመለስ ታውቃለች።»

«ሳያማክሯቸው?»

«መምህር፣ ማማከር ማለት እኮ እምቢ እንድትል ዕድል መስጠት ነው።»

ጥቂት እንደተራመድን ቁጣቸው ገነፈለ። «የስንቱን ልጅ የተቀበለች፣ የተከበረች ሴት ጥፍሯ ጠቁሮ እንግዳ ትቀበል? ባለፈው እሑድ የቀድሞ አለቃዬ ሊጠይቁን መጡ። እጇን እንደጨበጡ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹ባለቤትዎ ከሰል መነገድ ጀመሩ እንዴ?›»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?»

«ስለ አየሩ ሁኔታ አነሳሁ።»

ሳቄን በመሐረብ ሸፈንኩት።

«ጌጥ ካማራት ሱቁ ሞልቷል» ሲሉ ቀጠሉ። «ሄዶ መግዛት ሲቻል ቁጭ ብሎ መፈግፈግ ምን ይሉታል? ለሽያጭ እንዳይባል አትሸጠው። ለዲፕሎማ እንዳይባል ዲፕሎማ የለው። እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ጥቅሙን ይንገሩኝ።»

«ክቡርነትዎ ጠዋት ጠዋት ምን ይሠራሉ?»

«ጋዜጣ አነባለሁ።»

«ከዚያስ?»

ትንሽ አሰቡ። «እንደገና አነበዋለሁ።»

ክራቫታቸውን አስተካክለው እርምጃቸውን አፈጠኑ።

የብር ሥራው ቤት ከአንድ ልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ያለ ሰፊ ክፍል ነው። በመካከሉ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ጠረጴዛው በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ከሥሩ የብር ብናኝ የሚያጠራቅም ቆዳ ተወጥሯል። አስተማሪዋ በምህንድስና የተመረቀች፣ ቀልጣፋ ወጣት ናት። ገና በሩን እንዳለፍን አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች።

«እንዴ መምህር! ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው፤ የእርስዎ ተራ ማክሰኞ አይደለም እንዴ?»

ክቡርነታቸው በዝግታ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎም?»

«ስድስት ወር ሆኖኛል» አልኩ፣ ወለሉን እያየሁ። ባልደረቦቼ ማክሰኞ የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ቤተ መጻሕፍት እያልኩ ነበር። እጅን ማቆሸሽ ነውር ነው የሚሉትን ሽማግሌ ልመክር የወጣሁት፣ እኔ ራሴ እጄን ኪሴ ውስጥ ደብቄ ነበር።

አስተማሪዋ ሳጥኑን አልተቀበለችም። «አባባ፣ መጀመሪያ ይቀመጡ።»

«አባባ» ሲባሉ የደነገጡት ድንጋጤ! ዳሩ ግን ተቀመጡ።

«ዕቃውን ከመለሱ የጀመሩትን ሥራም ይዘውላቸው ይሂዱ» አለችና በትንሽ ሰሃን አቀረበችላቸው። አንድ የብር ቀለበት፣ ድንጋዩን ዙሪያውን የምትይዝ ቀጭን የብር ክፈፍ፣ ኦፓል የምትባል አንዲት የከበረች ድንጋይ። ኦፓሏን ሴትዮዋ ከሻካራ ድንጋይ አንስተው በእጃቸው አለስልሰዋታል። «ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። አሁን የቀረው ክፈፉን ከቀለበቱ ጋር መበየድ ነው።»

«ሦስት ሳምንት? ይህማ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው!»

«በመዳብ ይሞክሩት» አለች። የመበየጃውን እሳት አለኳኮስ አሳየቻቸው፤ ሁለት የመዳብ ቁራጭም ሰጠቻቸው። ምን ይደረጋል፣ ገና በመጀመሪያው ሙከራ ተሳካላቸው። ለትዕቢት ከዚህ የባሰ አጋጣሚ የለም። አስተማሪዋ ስልክ ልታነሳ፣ እኔም እጄን ልታጠብ ወደ ጓዳ ገባን።

«ጠቅ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስንመለስ ክቡርነታቸው እሳቱን አጥፍተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ያለው ቀለበት የባለቤታቸው ነው። ኦፓሏ ክፈፉ ውስጥ እንዳለች ለሁለት ተሰንጥቃለች።

«ድንጋዩን ከእሳቱ በፊት አስገቡት?» አለች አስተማሪዋ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ታዲያስ! ዋናው እንግዳ ቆሞ አጃቢዎቹ ሊቀመጡ ኖሯል? በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ እንዲህ ያለ ነውር ሠርቼ አላውቅም!»

«አባባ፣ እዚህ ቤት ድንጋይ መጨረሻ ነው የሚቀመጠው። ብሩ ይበየዳል፣ ይታጠባል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። እሳትና ውካታው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ድንጋዩ የሚገባው።»

ወደ ተሰነጠቀችው ድንጋይ ጎንበስ አሉ። «ማለት… እንግዳው የሚገባው አዳራሹ ተሰናድቶ ሲያልቅ ነው?»

«እሱን እኮ ነው የምልዎ።»

«እንግዲያው ደንቡ ትክክል ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።» ከዚያም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሦስት ሳምንት ነው ያሉኝ?»

ሌላ ያልተሠራ ኦፓል ተገኘ። የሚያለሰልሰው ግን አልተገኘም፤ አስተማሪዋ «እኔ አልሠራልዎትም» ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። ክቡርነታቸው ኮታቸውን አወለቁ። ከመኖሪያ ቤታቸው ውጭ ያለ ኮት ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ያን ዕለትም፣ ዓርብንም ቀኑን ሙሉ፣ ውኃ እየነካ በሚሽከረከረው የድንጋይ ማለስለሻ ላይ አጎንብሰው ዋሉ። እኔም ዓርብ ከክፍል ስወጣ መጥቼ አጠገባቸው ሥራዬን ያዝኩ። መጀመሪያ ሲጫኑት ድንጋዩ አመለጣቸውና ከጠረጴዛው ሥር በጉልበታቸው ዳኹ። ቀጥሎ አውራ ጣታቸውን ላጡ። እየዋለ ሲሄድ ግን ትንፋሻቸው ረጋ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው፣ «ምሳ ሰዓት ደረሰ እንዴ?» ሲሉ አስተማሪዋ ቤቱን ልትዘጋ መጥረጊያ ይዛ ነበር።

«እስቲ ይዩልኝ» አሉ ድንጋዩን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው። «ሲያዘነብሏት ውስጧ አረንጓዴ ይነድዳል። ሱቅ ውስጥ ያለችዋን ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም።»

«ጥቅሙ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ይተዉኝ እባክዎ፤ እየሠራሁ ነው።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ክቡርነታቸው ናቸው፤ ባለቤታቸው መመለሳቸውን ነገሩኝና ምስክር እንድሆን ለመኑኝ። ቤታቸው ስገባ አዋላጅዋ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ የባላቸውን እጅ ይዘው ጥፍር በጥፍር ይመረምራሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ስትቆፍር ነበር?»

«ሦስት ጥፋት ፈጽሜያለሁ። በቅደም ተከተላቸው ላቅርብ?»

«አቅርብ።»

«አንደኛ፣ መሣሪያሽን ልመልስ ወስጄ ነበር፤ አልተቀበሉኝም። ሁለተኛ፣ ድንጋይሽን ሰነጠቅሁት። ሦስተኛ፣ በምትኩ የሠራሁት ይኸው፤ ጠማማ ነው።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ኦፓሏን በመዳፋቸው አገላበጧት። «ጭንቅላቱ ትንሽ ጠመም ብሏል እንጂ ጤነኛ ነው።» ክቡርነታቸው ሊስቁ ሲሉ ግን በእጃቸው አስቆሟቸው። «ድንጋይ ይሰነጠቃል፤ እሱን ተወው። እኔ ሳልኖር ወንበሬን ልትመልስ መሄድህን ነው ያልወደድኩት። እጄን ያዘው እስቲ።»

ያዙት። የሴትዮዋ እጅ ይንቀጠቀጣል።

«ሥራ ከፈታሁ ጀምሮ እንዲህ ነው። አርባ ዓመት ያልተንቀጠቀጠ እጅ! እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው ቀጥ የሚለው።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅኸኝማ።»

ክቡርነታቸው ያንን እጅ ሳይለቁ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ሳጥኑን ራሳቸው አንስተው ባለቤታቸው በሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ አኖሩት። «ረቡዕ እኔ እሸከምልሻለሁ» አሉ።

እሳቸውም አሁን በተጠባባቂዎች መዝገብ አሥራ አንደኛ ናቸው። ያገለገሉበት ዘመን ታስቦ ተራቸው ከፍ ይል እንደሆነ ጠይቀው፣ አይልም ተብለዋል። እስከዚያው ረቡዕ ረቡዕ ቆመው ያያሉ። የዚህ ትምህርት ጥቅም ከተባለ እኔ ያየሁትን ልመስክር፦ የአንዲት ሴት እጅ ረጋ፤ ሳይነጋገሩ ይበሉ የነበሩ ባልና ሚስት እራት ላይ ስለ ብየዳ ይከራከራሉ፤ አንድ ሽማግሌ የማያውቀውን ነገር አላውቅም ማለት ለመደ። እኔም ለባልደረቦቼ ማክሰኞ የት እንደምሄድ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሁለቱ አድራሻውን ጠየቁኝ።

ቀለበቱ ያለቀ ዕለት ጠማማዋ ኦፓል በመጨረሻ በተራዋ ገብታ ስትቀመጥ፣ ከተማሪዎቹ አንዷ «ለማን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ለማንም» አሉ አዋላጅዋ። «መሥራት ፈልጌ ሠራሁት።»

ክቡርነታቸው ማንም አስተያየታቸውን ሳይጠይቃቸው ከቆሙበት፣ «ልክ ነች» አሉ።