የሚሰበር በርበሬ

ይቺን ስሙኝማ። ቡታጅራ በርበሬ ስነግድ፣ ነጋዴውንም ሸማቹንም ለስብሰባ ጠሩን። ስለ ሸማቾች ጥበቃ አዲስ ረቂቅ ሕግ ነው፤ ተቆጣጣሪው ሳያስታውቅ መጋዘን ገብቶ ይፈትሻል፣ ጥፋት ካገኘ ያሽጋል ይላል። «አስተያየት ስጡ» ሲሉ ቀድሜ የተነሳሁት እኔ ነኝ። «ይሄ ነጋዴን እንደ ሌባ ማየት ነው!» ብዬ ደነፋሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ከኋላ እትዬ ሩቂያ ተነሱ፤ ከእኔ ገዝተው፣ አስፈጭተው የሚቸረችሩ ደንበኛዬ ናቸው። «ሸምሱ ምን ያስፈራዋል? የሱ በርበሬ ጫን ሲሉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። እንዲያውም ፍተሻው ከሱ መጋዘን ይጀመር፤ ሌላውም ይማርበት!» አሁንም ተጨበጨበ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ወላሂ፣ የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ሚዛን እንዲደፋልኝ ብዬ ከቆሼ ከተማ ገበያ የመጣውን በርበሬ ውሃ ረጭቼው ነበር የወጣሁት።

ስብሰባው እንዳለቀ ሮጬ ሄጄ ጆንያውን ሁሉ ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ዘረገፍኩት። ሳልጨርስ እትዬ ሩቂያ ከች አሉ። አንድ ፍሬ አንስተው ሊሰብሩ ሞከሩ፤ እንደ ጠፍር ተለመጠ። «ዝናብ መቶት ነው» ልል ስል ሰማዩን አየሁት፤ የበጋ ጠራራ! እሳቸው ግን ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው፣ አጎንብሰው በርበሬውን ያገላብጡልኝ ጀመር። ሲወጡ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «ኢንሻአላህ እስከ ጁምዓ ይደርቃል። ያኔ መጥቼ እገዛለሁ» አሉኝ።

ተቆጣጣሪው መጋዘኔን ሳያየው ቀረ። እሳቸው ግን በየጁምዓው እየመጡ አንድ ፍሬ ይሰብራሉ።