እንግዳውን ወፍ ከኮብላዩ የለዩት መምህርት መሰለች ፊልጶስ

የመምህርት መሰለች ፊልጶስን ሥርዓተ ቀብር ለመፈጸም ከወልቂጤ፣ ከቡታጅራ፣ ከጉንችሬና ከአዲስ አበባ ተሰባስባችሁ በዚህ ደብር የተገኛችሁ ወገኖች ሆይ፣ የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አዞኛል። እርሳቸው ቆመው ቢሰሙኝ ኖሮ ያልታየ ነገር እንዳልጨምር አስቀድመው ያስጠነቅቁኝ ነበርና፣ የማነበው ያየነውንና ከራሳቸው አንደበት የሰማነውን ብቻ ነው።

መምህርት መሰለች ከአባታቸው ከአቶ ፊልጶስና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ በ1948 ዓ.ም. በእነሞር ምድር በጉንችሬ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከገበያው ዳር የስፌት መኪናቸውን ተክለው የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ልጃቸውንም ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ሊጠገን የመጣን ኮት አገላብጦ ማየትን አስተማሯቸው። ትከሻው ላይ ያለቀው የተሸካሚ፣ ክርኑ ላይ የሳሳው ጠረጴዛ ላይ የሚውል ሰው ኮት መሆኑን ሕፃኗ እየለዩ ሲናገሩ፣ ደንበኞቹ ይስቁ፣ አባት ደግሞ ደረታቸውን ይነፉ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ይህ ዓይን ወደፊት ወዴት እንደሚያደርሳቸው ያኔ ያወቀ አልነበረም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጉንችሬ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በወልቂጤ ተከታትለው፣ ከዚያም በአዲስ አበባ በመምህርነት ሠልጥነው በ1970 ዓ.ም. የባዮሎጂ መምህርት ሆነው በቡታጅራ ከተማ ተመደቡ። ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ያልቃል ብለው የማያምኑ በመሆናቸው፣ ተማሪዎቻቸውን በእግር እየመሩ እስከ ሐረ ሸይጣን ሐይቅ አፋፍ ይወስዷቸውና፣ ከአንድ ጡረታ ከወጡ መምህር በስጦታ ባገኙት ባይናኩላር ወፎችን በተራ ያሳዩ ነበር። ከፊታችን ከቆማችሁት ውስጥ ፀጉራችሁ የሸበተ ብዙዎቻችሁ በዚያች ባይናኩላር ተራ ስትጠብቁ ተጋፍታችኋል።

በ1975 ዓ.ም. ከወሎ መጥተው በቡታጅራ በግብርና ሥራ ላይ ከነበሩት ከአቶ ሀብተወልድ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። አቶ ሀብተወልድ ጭልፊትን ከጥንብ አንሳ መለየት ሳይችሉ ስለ ወፍ ጥያቄ አብዝተው በመመላለሳቸው፣ ነገሩ የወፍ አለመሆኑን መምህርታችን ፈጥነው ለይተውታል፤ ይህንንም ራሳቸው አቶ ሀብተወልድ በየሰርጉ ሲያወሩት የኖሩት ስለሆነ እዚህ መነሳቱ አያስቀይማቸውም። ከትዳራቸውም ወይዘሮ እየሩስንና አቶ ዓብይን አፍርተው፣ በ1987 ዓ.ም. ወደ ወልቂጤ ተዛውረው እስከ ጡረታ ድረስ አስተማሩ።

ጡረታ በወጡበት በ2008 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ግን፣ ከዚያ በፊት ካስተማሩት ሁሉ የሚበልጠውን ትምህርት አስተማሩን። ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ጎብኚዎችን በማስጎብኘት ሥራ የጀመረው ልጃቸው ዓብይ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለው እንሰት መካከል ራሱና ክንፉ ጥቁር፣ ጀርባውና ሆዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ የሆነ፣ በአካባቢያችን ማንም አይቶት የማያውቅ ወፍ አገኘ። ወሬው ሲሰማ ከተማው ተነቃነቀ፤ ወጣቶች ኮሚቴ አቋቋሙ፣ የወፉ ሥዕል ያለበትና “የወልቂጤ እንግዳ” የሚል ካናቴራም አሳተሙ፤ የቀረው መምህርት መሰለች አይተው ምስክርነታቸውን እንዲሰጡና ነገሩ አዲስ አበባ ላሉት የወፍ አጥኚዎች እንዲላክ ብቻ ነበር። ለዓብይም የሥራው መጀመሪያ፣ የስሙም መጠሪያ የሚሆን ነገር ነበር።

መስቀል በእኛ አገር ሁሉም ወደ ቤቱ የሚገባበት ወቅት ነው፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ ብርድ የሚሸሹ ወፎች ከሰሜን ይገባሉ። ሌላው ሰው ሁሉ ወፉ ከሰሜን ነው የመጣው ብሎ ሲያምን፣ መምህርት መሰለች ግን ወፍ በሻንጣም ሊመጣ እንደሚችል አልዘነጉም። ወንበራቸውን እንሰቱ ሥር አስቀምጠው ያለ ችኮላ ተመለከቱት፤ ጅራቱ ጫፉ ላይ ሽቦ እንደታከከ ሁሉ ተሰባብሯል፣ ከምንቃሩ በላይ ያለው ላባ ተግጧል፣ ጥፍሩ መሬት ጭሮ እንደማያውቅ ረዝሞ ተጠምዝዟል፣ ሰው ሲቀርበው ከመብረር ይልቅ ምግብ እንደሚጠብቅ ወደ እጁ ያያል። አባታቸው ይጠግኑት የነበረው ኮት ክርን ትዝ አላቸው። በኮሚቴውም ፊት ልጃቸውን ጠርተው፣ “ዓብይዬ፣ ይህ ወፍ በክንፉ አልመጣም፤ በአውቶቡስ ነው የመጣው” አሉት።

ካናቴራ ለብሶ የቆመ ሁሉ ክው አለ። አንዳንዱ እናት ሆነው ልጃቸውን አዋረዱ አለ፣ አንዳንዱም ለአገር ሲባል ዝም ቢሉ ምን ነበረበት አለ፤ እርሳቸው ግን ለልጄ ብዬ ዛሬ አዎ ካልሁ፣ ነገ እውነተኛው እንግዳ ሲመጣ ማን ያምነኛል ብለው ከቃላቸው ንቅንቅ አላሉም። በማግስቱም ለበዓሉ ከመርካቶ የመጣ የጎረቤት ልጅ ባዶ የሽቦ ቤት በጋቢ ሸፍኖ በበራቸው ገባ፤ ወፉን ለእናቱ ስጦታ ገዝቶ እንዳመጣው፣ ያመለጠውም በሩን ሲከፍት እንደሆነ፣ የከተማውን ደስታ ላለማበላሸት ብሎም አፉን እንደያዘ ተናገረ። ወፉም ልጁ የያዘለትን ሩዝ ሲያይ ያለ ሙግት ወደ ሽቦ ቤቱ ተመለሰ። ዓብይ ግን ተቀይሞ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በእናቱ ቤት የመስቀል ወፍ ሆነ። እናትየው ይህ እንዳሳመማቸው አልሸሸጉም፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም።

በ2012 ዓ.ም. አንበጣ በብዙ የአገራችን ክፍሎች በሰፈረበት ጊዜ፣ በመስቃን የሚኖሩት ወዳጃቸው አቶ ሰማን ከሐረ ሸይጣን አቅራቢያ ካለው ማሳቸው ደውለው፣ ያን የመሰለ ሮዝ ወፍ መምጣቱን ነገሯቸው። መምህርት መሰለች በስኳር ሕመም እግራቸው አብጦ ስለነበር፣ ልጃቸው እንዲያደርሳቸው ለመኑት፤ ዓብይም አደረሳቸው፣ ነገር ግን በመጀመሪያው የተቃጠለ ሰው ነውና ይህም ኮብላይ ነው ብሎ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ ቆመ። የአቶ ሰማን ባለቤት ወይዘሮ ዘይባ ባቀረቡላቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው መምህርታችን ተመለከቱ፦ ወፉ አንበጣ እያሳደደ ይለቅማል፣ የሰው ጥላ ሲያይ ሩቅ ይበራል፣ ጅራቱ ሙሉ ነው፣ የክንፉ ጫፎች ግን ረጅም መንገድ እንደሄደ ሰው ጫማ ግራና ቀኙ እኩል አልቀዋል። እንዲያም ሆኖ አልቸኮሉም፤ አቶ ሰማን በቡታጅራ ገበያና በመስጊዱ ደጃፍ፣ እስከ ቆሼ ከተማም ድረስ ወፍ የጠፋበት ሰው እንዳለ አስጠየቁ፤ አንድም አልተገኘም። ይህን ሲሰሙ መምህርት መሰለች ወደ ልጃቸው ዞረው፣ “ዓብይዬ፣ ካሜራህን አውጣ፤ ይህኛው በክንፉ ነው የመጣው” አሉት።

የአዲስ አበባዎቹ አጥኚዎች ከቤት ያመለጠ እንዳይሆን ብለው በብርቱ ተጠራጥረው ነበር፤ እኚህ ሴት የገዛ ልጃቸው ያገኘውን ወፍ እንግዳ አይደለም ያሉት ናቸው ሲባሉ ግን ጥርጣሬያቸውን ትተው ተቀበሉ። ወፉን አስቀድሞ ያየው አቶ ሰማን፣ ፎቶግራፉን ያነሳው ዓብይ ሀብተወልድ ተብሎም ተጻፈ። በዚያ ቀን እናትና ልጅ አንገት ለአንገት ተያይዘው አለቀሱ፤ በቤታቸውም ከዚያ የበለጠ ኩራት አልታየም።

መምህርት መሰለችም ለዓመታት ሳይለብሱት በሣጥን ያኖሩትን ካናቴራ አውጥተው፣ “ወልቂጤ” የሚለውን ቃል በአባታቸው መርፌ በክር ሸፍነው “ቡታጅራ” ብለው በላዩ ጠለፉና ለመስቀል ለበሱት። የወልቂጤ ሰው ሆነው እንዴት ያስችልዎታል ሲባሉ፣ ወፉን ይጠይቁት ብለው ይመልሱ ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የስኳር ሕመማቸው ወደ ኩላሊት ተሻግሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከአልጋቸው አጠገብ ሳሉ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው በየካቲት ወር 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸውን አቶ ሀብተወልድን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ እየሩስንና አቶ ዓብይን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንደ ወንድምና እንደ እህት የሚያዩዋቸውን አቶ ሰማንንና ወይዘሮ ዘይባን፣ እንዲሁም በየሥራው የተሰማሩ እልፍ ተማሪዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ዓብይ ዛሬ ከጥቁር ኮቱ ሥር ያችን ካናቴራ ለብሷል፤ የእናቱ ጥልፍ ደረቱ ላይ አለ። ከድንቢጦች አንዲቱን እንኳ የማይዘነጋ አምላክ ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ፤ ረጅሙን መንገድ በገዛ ክንፋቸው መጥተው ደጁ የደረሱትን የመምህርት መሰለችን ነፍስም ለይቶ ያውቃቸዋልና፣ በቅዱሳኑ ማረፊያ ያሳርፍልን። አሜን።