ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው

በእኛ ጊዜ ድመት በአፕሊኬሽን አትወሰድም ነበር። የጎረቤት ድመት ትወልዳለች፣ «ነይ አንዷን ውሰጂልኝ» ይሉሻል፣ በነጠላሽ ጠቅለል አድርገሽ ታመጫታለሽ፣ ታዲያ አይጧን ትይዛለች፣ ቤቷን ትለምዳለች፣ አለቀ። አንቺ የምትጽፊው፣ እንዳልኩሽ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው። ተናድጄ ነው የማወራው። ስንት ዓመት አለፈው፣ ዛሬም ሳነሳው ደሜ ይፈላል።

እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በዘጠናዎቹ ነው፣ በነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ልጄ ሰናይት አስመጣችኝ። አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ፣ አፓርትመንት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሰናይት ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው፣ ከባሏ ተለያይታለች፣ እሱን ተዉት። ልጇ ሊያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይቺ ልጅ ታዲያ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም። «ሊያ፣ ነይ ብዪ» እላታለሁ፣ «አይም ናት ሀንግሪ!» ትልና በሯን ትዘጋለች። በሩን ትዘጋብኛለች፣ ትሰማላችሁ? አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ተቀምጠን ያወራነው ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። እኔ ደግሞ ደሴ፣ ሆስፒታል ውስጥ ሠላሳ ዓመት ድሬሰር ሆኜ በሽተኛ ሳክም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሰው ማነጋገር እንጀራዬ ነበር!

እና አንድ ቅዳሜ ሰናይት «እማዬ፣ ለሊያ ድመት ልናመጣላት ነው» አለችኝ። «አይጥ አለ እንዴ?» አልኳት። «ኖ እማዬ፣ እንዲሁ ነው» አለች። እንዲሁ! ሄድን። የድመት መጠለያ ነው፣ ቤቱ ከእኔ መኝታ ቤት ይበልጣል። እና አንዲት መነጽር ያደረገች ሴትዮ ቁጭ አድርጋ ትጠይቀን ጀመር። ስንት ሰው ነው የምትኖሩት? በረንዳ አላችሁ? ቀን ቀን ማን ይውላል? እኔ ለቪዛ ስሄድ እንዲህ አልተጠየቅኩም፣ እውነቴን ነው! ሰናይት «እናቴ ናት የምትውለው» ስትል፣ ሴትዮዋ ወደኔ ዞረችና ፈገግ አለች። ከዚያ ሁለት ገጽ ወረቀት አወጣች። በጣቷ ወረቀቱን ትነካለች፣ ወደኔ ትጠቁማለች፣ ወረቀቱን ትነካለች፣ ወደኔ ትጠቁማለች። «ለእናትሽ ንገሪያት» ማለቷ ነው። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ መማር ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ሰናይት ታዲያ «ኦኬ፣ ኦኬ፣ እነግራታለሁ» አለችና ፈረመች።

ነገረችኝ? አልነገረችኝም! ቤት ስንገባ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። ፍሪጁ ላይ ደግሞ የሌለ ነገር የለም፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት፣ የኪራዩ ወረቀት፣ የፒሳ ቤት ስልክ። እኔም የኪራይ ነገር መስሎኝ ዞር ብዬ አላየሁትም።

ድመቷ በመዳፍ የምትያዝ፣ ዳልቻ ነበረች። ሊያ «ኩኪ» አለቻት፣ ኩኪ ማለት ብስኩት ነው አሉኝ። የሚበላ ነገር ስም! እኔ ዳልቼ አልኳት። እና ሰኞ ጠዋት ሊያ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች፣ ቆመች፣ ከዚያ «አያቴ፣ ኩኪን እይልኝ» አለችኝ። በአማርኛ! በአንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። እኔ ሳህን በእጄ እንደያዝኩ ቀረሁ። ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን አትዘጋም፣ «አያቴ፣ ተኛች? አያቴ፣ ተጫወተች?» ነው። የምትጸዳዳበትን አሸዋ እኔ ነኝ የምጠርግላት፣ ውኃዋን እኔ ነኝ የምቀይረው፣ መጋረጃ ላይ ስትሰቀል እኔ ነኝ የማወርዳት። ያቺን ድመት ከራሴ አብልጬ ነው የያዝኳት፣ ይህን ደግሞ በደንብ ጻፊው።

እንግዲህ ምግቧ። ከረጢት ውስጥ ያለ እንደ ቆሎ የደረቀ ነገር ነው። ጠዋት ቆሎ፣ ማታ ቆሎ፣ ከች ከች ስታደርገው እኔን ጥርሴን ያመኛል። ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ቆሎ ይበላል? እኔ ደግሞ ጨጓራዬ በርበሬ አይችልም፣ ሁልጊዜ አልጫ ነው የምሠራው፣ ሽንኩርቱ በዛ ያለ፣ ቅቤው ጣል የተደረገበት። ታዲያ ምሳዬን ስበላ መጥታ እግሬ ላይ ትታከካለች፣ ቀና ብላ ታየኛለች። ሰው እያየሽ ብቻሽን ትበያለሽ? እኔ እንደዚያ አላደግኩም። ሥጋውን በመረቁ ነከር አድርጌ በጣቴ አጎረስኳት። እንዴት እንደዋጠችው! በማግስቱም እንደዚያው። እሑድ እሑድ ደግሞ አቶ ተክሌ ይመጣል፣ የባሌ የአጎት ልጅ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ ታክሲ ይነዳል። ሳጎርሳት አየና «እማማ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እርስዎ ይህን አጥተውት ነው?» ብሎ ሁለተኛውን እሱ አጎረሳት። ሳቅን። ምን ያስቃል? ዛሬ ሳስበው ያቺን እጄን መቁረጥ ያምረኛል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ነው፣ ዳልቼ መጋረጃው ላይ አልወጣችም። ሶፋው ሥር ገብታ ተኛች። ብጠራት አትመጣም። አሸዋዋን ስጠርግ ሽንቷ ሻይ መስሏል። እኔ ወዲያው አወጣኋትና የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አደረግኩ፣ ድድዋን አየሁ፣ እንደ ወረቀት ነጭ! ሠላሳ ዓመት ያየሁት ነገር ነው፣ ሰውም ሆነ ድመት ደም ሲያንሰው እንደዚያ ነው። ሰናይት ሥራ ቦታ ደወልኩ።

«ሰናይት፣ ድመቷ ደም አንሷታል፣ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት።»

«እማዬ፣ አሁን ቶክ ማድረግ አልችልም፣ ማናጀሬ እያየኝ ነው። ድመት ስትተኛ ነው እኮ የምትውለው።»

«እየነገርኩሽ ነው፣ ደም የላትም!»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ሰው ደም አነሰው ትያለሽ። ነገ እናያታለን።»

ዘጋችው! ጆሮዬ ላይ! ነገ እናያታለን! ደም ነገ ይጠብቃል? እኔ የሐኪም ሙያ ያለኝ ሴት፣ እዚህ አገር ስመጣ የቤት ልብስ አጣፊ ሆንኩና ቃሌ የማይሰማ ሆነ። በማግስቱ ዳልቼ አንገቷን ማቅናት አቃታት። ሊያ ከትምህርት ቤት መጥታ አቅፋት ታለቅሳለች፣ «አያቴ፣ እባክሽ፣ እባክሽ» ትላለች። ያችን ጊዜ አቶ ተክሌን ደወልኩለት።

«እማማ፣ ለድመት ነው ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የሚጠሩኝ?»

«አዎ ለድመት ነው! ስታጎርሳት ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተህ የለም እንዴ? አሁንም ና!»

መጣ፣ ነውር የለበትም፣ መጣ። ወሰደን። እሱ ግን ፓርኪንግ የለም ብሎ መኪናው ውስጥ ቀረ፣ እኔና ሊያ ድመቷን በፎጣ ይዘን ገባን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድድዋን አየች፣ የዓይኗን ሽፋን ገለጠች። እኔ ልክ እንዳደረግኩት! ከዚያ ሊያን ጠየቀቻት፣ ሊያም ወደኔ ዞረች። «አያቴ፣ ኩኪ ምን በላች?»

እና እኔ ዋሸሁ። «ቆሎዋን ብቻ» አልኩ።

አትዩኝ እንደዚያ! ዋሸሁ። ልጅቷ ፊት ነዋ! ያቺ «አያቴ» ያለችኝ አፍ እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ። ሊያ ተረጎመችላት። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች፣ ግራ ገባት፣ ድመቷን እያገላበጠች ታስባለች፣ ድመቷ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ እንደ ጨርቅ ተዘርግታለች። ታዲያ ምን ትዝ አለኝ? ሆስፒታል እያለሁ አስታማሚ ሁሉ ይዋሸኝ ነበር። «ምን አጠጣችሁት?» እላለሁ፣ «ምንም» ይሉኛል፣ በኋላ ስትጠይቂ አንድ ጠርሙስ ሙሉ የሆነ ሥር አጠጥተውታል። እንዴት እሰድባቸው ነበር! «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ እናንተ ናችሁ የምትገድሉት!» እያልኩ። እና አሁን እኔው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«ሊያ» አልኳት፣ «ንገሪያት። ወጥ አጉርሻታለሁ። በየቀኑ። አልጫ፣ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት።»

ልጅቷ አየችኝ። ከዚያ ለሐኪሟ ነገረቻት። ምን ብላ እንደነገረቻት አላውቅም፣ «አያቴ ናት ያደረገችው» አለች ይሁን «አያቴ አላወቀችም» አለች፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ሐኪሟ ግን ሽንኩርት የሚለው ጋ ስትደርስ እጇን አነሳችና «ስቶፕ» አለች። ሽንኩርት ነው። የድመትን ደም የሚያቃጥል ሽንኩርት ነው አለች። ግሉኮስ ሰክታ እዚያው አስቀረቻት፣ ትትረፍ አትትረፍ ቃል አልሰጠችንም።

ቤት ስንደርስ ሊያ ቀጥ ብላ ወደ ፍሪጁ ሄደች፣ ያንን ወረቀት ገነጠለች፣ አመጣችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አደረገች። ሳትነግረኝ ገባኝ። ሽንኩርት። ከላይ ከመጀመሪያው! ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ይህን እንኳ በኋላ ነው ያወቅኩት። እሱንም አብልቻታለሁ! ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ተለጥፎ፣ ፍሪጁን ከፍቼ ሽንኩርት ባወጣሁ ቁጥር ፊቴ ላይ ሲዘጋ! ልጅቷ በሯን ዘጋች።

ሰናይት ከሥራ ስትገባ ኮቷን አላስወለቅኳትም። «አንቺ!» አልኳት። «እኔ ሠላሳ ዓመት ክኒን ስሰጥ 'ይህን ከምግብ በኋላ፣ ያንን በባዶ ሆድ' ሳልል አንድ በሽተኛ ሸኝቼ አላውቅም። ማንበብ የማይችለውን አስደግሜ ነው የምልከው! አንቺ ቀኑን ሙሉ ድመት ለምትጠብቅ ሴት ፍሪጅ ላይ ትለጥፊያለሽ?»

«እማዬ፣ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር እኮ» አትለኝም!

«ሳትነግሪኝ ላውቅ ጠንቋይ ነኝ? ሴትዮዋ በጣቷ እየጠቆመች ንገሪያት አላለችሽም?»

«ቢዚ ሆኜ ነው እማዬ፣ ረሳሁት። ደግሞ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል ብዬ...»

ይቺ ናት! ይቺን ነው የማልረሳው። ለአንቺ ምን ያደርግልሻል። እህ፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል! የሚሠራው እጅ ሳይነገረው የማይሠራው እጅ ይነገረዋል። አለቀስኩ፣ በንዴት ነው ያለቀስኩት። እሷም አለቀሰች፣ ግን ኮቷን እንደለበሰች እንቅልፍ ጣላት፣ ምስኪን። ያም አናደደኝ፣ የተኛ ሰው ላይ አይጮህም።

ሦስት ቀን። ሦስት ቀን ሊያ አላናገረችኝም፣ እኔም ወጥ አልሠራሁም፣ ሽንኩርት ማየት አስጠላኝ። እሑድ ተደወለ፣ ዳልቼ ተርፋለች። አቶ ተክሌ ሄዶ አመጣልን፣ ክብደቷ የለም፣ ግን ዓይኗ በርቷል፣ ድድዋ ቀላ ብሏል። እኔ አልነካኋትም። ፈራሁ። ራቅ ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሊያ ድመቷን አቅፋ መጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ሄደች፣ ወረቀትና እርሳስ አመጣች። «አያቴ፣ ጻፊ» አለችኝ። የእንግሊዝኛውን መስመር ታነባለች፣ አማርኛው ሲጠፋት ትስልልኛለች፣ ሽንኩርቱን ሣለች፣ የወተት ጠርሙስ ሣለች፣ ቸኮሌት ሣለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሽንኩርት ክልክል። ነጭ ሽንኩርት ክልክል። ወተት ክልክል። መጨረሻ ላይ አንድ የራሷ ጨመረች፣ እጅ ሣለች፣ አምስት ጣት። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት። «ጉርሻ» አለችኝ። ጉርሻ ክልክል ብዬ ጻፍኩ። እና ያንን በአማርኛ የተጻፈውን ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው፣ ከኪራዩ ወረቀት በላይ።

ከዚያ በኋላ ታዲያ ሐኪሟን በሊያ አፍ አስጠይቄ ለዳልቼ ዶሮ እቀቅልላታለሁ፣ ጨው የለው፣ ሽንኩርት የለው፣ ውኃ ብቻ። በጎድጓዳ ሳህን አድርጌ ፍሪጅ አስገባለሁ፣ ወረቀቱ ላይም ከታች «በሰማያዊው ሳህን ያለው የዳልቼ ነው» ብዬ ጽፌያለሁ፣ በትልልቁ። አንድ ቀን ሰናይት ከሥራ መጣች፣ ረኃብ ገድሏታል፣ ቀጥታ ፍሪጁን ከፍታ፣ ሳህኑን አውጥታ፣ ቆማ ትበላ ጀመር።

«እማዬ» አለች አፏ እንደሞላ፣ «ዛሬ ወጡ ምን ሆነ? ጨውም የለው፣ ሽንኩርትም የለው!»

እኔ ዳልቼን እያሻሸሁ ቀና አላልኩም። «ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ ነበር እኮ» አልኳት። «አላነበብሽም?»

ሊያ ወለሉ ላይ ወደቀች በሳቅ። እኔም፣ ሃ ሃ ሃ፣ እኔም ዳልቼ ከታመመች ወዲህ ከዚያ ቀን በቀር በዚህ ነገር ስቄ አላውቅም።

— እማማ፣ ሰናይትስ? ስታነበው ምን አለች?

ምን ትላለች ልጄ፣ ርቧታል! ጨረሰችው።