ሰላዩና የሼህ ሀሩን ሰላምታ

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ ተዋናይ ማለት እንደ ዛሬው ፎቶው የሚለጠፍለት ሰው አልነበረም። ከወሎ አምጥተው እዚህ አሶሳ ሲያሰፍሩን እኔ ገና ጢም ያላወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ታዲያ ሰፈራ ጣቢያው ኪነት ያቋቁም ተባለና «መተወን የሚችል ማነው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። እና ምን ሰጡኝ መሰላችሁ? ሬሳ! «ተኛ፣ እንዳትንቀሳቀስ» አሉኝ። ተኛሁ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሬሳ ታይቶ አይታወቅም ተባለ፣ አንዲት አሮጊትማ የምራቸውን አልቅሰውብኛል። እና ከዚያ ወዲያ በመጣው ድራማ ሁሉ ሬሳው እኔ ነኝ። መንግሥት ተለወጠ፣ ኪነቱ ተለወጠ፣ ሬሳው አልተለወጠም። ባለቤቴ ዙሪያሽ «የኔ ባል የእውነት ሲሞት የሚያምነው የለም» ትል ነበር።

ታዲያ በቅርቡ፣ ልጄ ሰይድ የሼህ ሀሩንን ልጅ ዘሃራን ሊያገባ ሽምግልናው አልቆ፣ ኒካው ለጁምዓ ተቀጥሮ ሳለ፣ የቴሌቪዥን ድራማ የሚሠሩ ልጆች ከአዲስ አበባ መጡ። ሼህ ሀሩን እዚሁ አጠገባችን የሆሞሻ ሰው ነው፣ ብሔሩ በርታ፣ ማንጎ ነጋዴ፣ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ወዳጄ። አማርኛው አረብኛ የገባበት፣ የራሱ ነው፣ ልቡ ግን ወርቅ።

ዳይሬክተሩ ልጅ እግር ነው፣ አየኝና «አባባ፣ እርሶ ሰላይ ይሆናሉ» አለኝ።

«የሞተ ሰላይ ነው?» አልኩት።

«ኧረ በሕይወት ያለ!»

ውይ ደስታዬ! ነገሩ እንዲህ ነው፣ ግድቡን ሊሰልል የመጣ ሽማግሌ ገበያተኛ መስሎ የአሶሳን ገበያ ሰንጥቆ ያልፋል። ካሜራውን ሰው እንዳያየው ባጃጅ ውስጥ ደብቀውታል፣ ገበያው የእውነት ገበያ ነው፣ ለማንም አልተነገረም። «አባባ፣ ሰላይ ማንንም አያውቅም፣ ዝም ብለው ይለፉ» አለኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ገና ከመግባቴ ሽንኩርት ሻጯ «ጋሽ ይመር፣ እንዴት አደሩ?» አለችኝ። እና ምን ላርግ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ትኩሳት የያዘው ልጅሽ ተሻለው?» አልኳት። «ካት!» አለ ዳይሬክተሩ ከባጃጁ ውስጥ። ተመልሼ ገባሁ። አሁን ደግሞ ከባምባሲ የሚመጣ አንድ በርበሬ ነጋዴ ቆሟል፣ እሱ እንኳ አላየኝም፣ እኔ ነኝ ጠርቼ «ላሚቱ ወለደች ወይ?» ያልኩት።

«ካት! አባባ፣ ሰላይ ስለ ላም ምን አገባው?» አለ ዳይሬክተሩ ራሱን ይዞ።

«ሰላይስ ቢሆን እናት አላሳደገችውም? ሰው እንዴት ከብት ሳይጠይቅ ያልፋል?»

«አሁን ካልሆነ ነገ ሌላ ሰው ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ።»

ታዲያ ሬሳነቴ መጥቶ ፊቴ ድቅን አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ተኝቼ ገና አሁን ብነሳ፣ መልሶ ሊያስተኛኝ ነው! ጥርሴን ነክሼ ገባሁ። «ጋሽ ይመር!» ዝም። «ኧረ ጋሽ ይመር!» ዝም። እየሆነልኝ ነው፣ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል፣ እና ማን ከፊቴ ይመጣል? ሼህ ሀሩን! ማንጎ ሊሸጥ መጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ ጥርሱ ሁሉ እየሳቀ፣ «አሰላሙ አለይኩም፣ ያ ይመር!»

ወየው! እስኪ ፍረዱኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታረጉ ነበር? ሰላምታ አለመመለስ ወንጀል ነው፣ በዚያ ላይ አማቼ! አለፍኩት። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከኋላዬ እየተከተለ «ያ ይመር! ታመምክ? ጆሮ ምን ሆነ?» ይላል። ዝም። «ሀሩን ነኝ እኔ!» ዝም። ታዲያ ቆመና ለገበያው ሁሉ ጮኸ፣ «ያ ጀማዓ! ይሄ ሰው አማቼ ነበር! ወላሂ ዘሃራ እሱ ቤት አይገባም!»

ነበር አለ! ነበር! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፣ የምሬን ነው። ባጃጁ ውስጥ ዳይሬክተሩ «ይሄ ነው! ይሄ ነው!» እያለ ይጨፍራል። ዞሬ ሼሁን ብፈልገው ማንጎውን ለሰው ጥሎ በሆሞሻ መኪና ሄዷል።

ቤት ስገባ ዙሪያሽ ቀድማ ሰምታለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሬሳነት ምን አነሰህ?» አለችኝ። ሰይድ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ከስድቡ ሁሉ እሱ ባሰብኝ።

በነጋታው ሽማግሌ ይዤ፣ ዳይሬክተሩንም እየጎተትኩ ሆሞሻ ሄድን። ሼሁ እንግዳ አክባሪ ነው፣ ምንጣፍ አነጠፈ፣ ውሃ አቀረበ፣ ወደ እኔ ግን ዞር ብሎ አያይም። ዳይሬክተሩ «ሼህ፣ አባባ ይመር ሥራ ላይ ነበሩ፣ ድራማ ነው» አለው።

«ሰላም የሚከለክል ምን ሥራ አለ? ሌባ እንኳ ሰላም ይላል፣ ከዚያ ይሰርቃል!»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ዳይሬክተሩ «እንግዲያው ይዩት» ብሎ ላፕቶፑን ከፈተ። ሼሁ አየ። አንገቱን አስግጎ ተጠጋ። «ድገም» አለ። ደገመለት። «ድገም!» አለ አሁንም፣ እና በድንገት ብድግ ብሎ ጣቱን ላፕቶፑ ላይ ተከለ። «ከንፈር! ከንፈር እዩ! መልሷል! ወአለይኩም ሰላም ብሏል!»

ብያለሁ እኮ! በሆዴ ብቻ ያልኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ከንፈሬ እኔን ሳያማክር ተንቀሳቅሷል። ሼሁ አቀፈኝ፣ እኔም አቀፍኩት፣ ሁለት ሽማግሌ ተቃቅፈን አለቀስን፣ አዎ አለቀስን፣ ምን ያስቃችኋል?

ዳይሬክተሩ ግን ፊቱ ጠቆረ። «ሰላዩማ ካወራ ተበላሸ፣ ይቺን ቦታ ቆርጬ አወጣታለሁ» አለ።

«እሱን ካወጣህ ኒካ የለም!» አለ ሼሁ። «ገበያ ሁሉ እንዳልመለሰልኝ አይቷል፣ አገር ሁሉ ደግሞ እንደመለሰልኝ ይይ!»

ታዲያ ምን ያርግ፣ ተዋት። ሰርጉም ሆነ፣ ድራማውም ወጣ፣ እና በምን ታወቅክ ብትሉኝ፣ በዚያችው ከንፈር! አዲስ አበባ ሰው «ሰላዩ ምን አለ?» እያለ ተከራክሮ ሊጣላ ነው። አንዱ «ለአለቃው ምስጢር አቀበለ» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ ኮሌታው ውስጥ ሬዲዮ አለ» ይላል። እንባዬንማ ተዉት፣ ሰላይ ሲያለቅስ እንዲህ ነው ተብሎልኛል።

አሁን ሼህ ሀሩን ገበያ ላይ ሲያገኘኝ ገና ከሩቅ ይቆምና «አሰላሙ አለይኩም፣ ያ ይመር!» ይላል። እኔም በአፌ ሙሉ እመልሳለሁ። እሱ ግን ንቅንቅ አይልም፣ እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣

«ጮክ በል! ካሜራ የለም!»