ቀሪ የተባለችው ልጅ

መራመድ ለሚቸግራቸው ሕፃናት ፊዚዮቴራፒ በሚሰጥ አንድ የአሰላ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ መረጃ ሰብሳቢ ነኝ። ረጂዎቻችን ድጋፋቸውን ሲቀንሱ ከማዕከሎቻችን አንዱን መዝጋት ግድ ሆነ። መዝገቡን አየሁና "የኦጎልቾው ይዘጋ፤ ልጆቹ እየቀሩ ነው" አልኩ። ሥራ አስኪያጃችን ግን "መጀመሪያ ሄደህ እናቶቹን ጠይቅ" አለችኝ።

ኦጎልቾ እንደደረስኩ፣ ከሁሉ ይበልጥ ቀሪ የተጻፈባት ልጅ ቤት ሄድኩ። እናቷን "ልጅዎን ማምጣት ለምን ተዉ?" አልኳቸው። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። "እሷማ ትምህርት ቤት ናት። ወላሂ፣ በእግሯ ነው የምትሄደው!" ማዕከሉን ልንዘጋው እንደሆነ ስነግራቸው ደግሞ ክው አሉ። "የእህቴን ልጅ ይዤላችሁ ልመጣ ነበር እኮ!"

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ቤት ለቤት ስዞር፣ ቀሩ ካልናቸው ልጆች አብዛኞቹ መራመድ ጀምረው አገኘኋቸው። የእኛ ቅጽ መጡ ወይስ ቀሩ ይላል እንጂ ተሻላቸው ወይ ብሎ አይጠይቅም ነበር። ቅጹን ቀየርነው፤ ኦጎልቾም አልተዘጋም። በምትኩ አሰላ ከተከራየናቸው ቢሮዎች ሁለቱን ለቀቅን። አሁን እኔና ሥራ አስኪያጇ አንድ ጠረጴዛ ላይ ክርን ለክርን እየተገፋፋን እንሠራለን፤ አንዳችንም አላማረርን።